ከመርፌው እስከ ግድግዳው

አባቴ የሸክላ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከምሳ በኋላ ሳሎን ይገባና ከቡፌው ሥር ከደረደራቸው ሸክላዎች አንዱን ያወጣል፤ በሸሚዙ እጅጌ ጠረግ ያደርገዋል፤ ማጫወቻው ላይ ያስቀምጠዋል፤ ይቀመጣል። እኔ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ለዘንድሮ ገና አገር ቤት ልገባ ቲኬት ቆርጫለሁ፤ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። ከዚያ ላይ ትልቁን ድርሻ ለአባቴ ሙዚቃ ላውለው ወሰንኩና ከመግዛቴ በፊት ለልብ ወዳጁ ደወልኩ። ጋሼ እላቸዋለሁ፤ ከአርባ ዓመት በላይ ሬድዮና ቴፕ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። እኔ ጋ እኩለ ሌሊት፣ እሳቸው ጋ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነበር። ያወራነውን ስልኩን እንደዘጋሁ ጻፍኩት።

እኔ፦ ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? ሥራ አስፈታሁዎት?

ጋሼ፦ እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። ገና ሻይ እየጠጣሁ ነው። አንቺ ምነው እስካሁን አልተኛሽም?

እኔ፦ የአባዬ ስጦታ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። አንድ ያገለገለ የሸክላ ማጫወቻ አግኝቻለሁ። የ1970ዎቹ፣ የጃፓን ሥራ፣ ከባድ፣ እንጨቱ ሁሉ እንዳለ ነው። ዋጋውም ደህና ነው። ነገ ሄጄ ልወስደው ነው።

ጋሼ፦ ከጀርባው የተለጠፈች ወረቀት ትኖራለች። ምን ትላለች?

እኔ፦ ፎቶ አንስቻታለሁ፣ ቆይ... 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ።

ጋሼ፦ እንግዲያው ተይው።

እኔ፦ ትራንስፎርመር አብሬ እገዛለሁ እኮ። ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

ጋሼ፦ ትራንስፎርመሩ የእኛን 220 ወደ 120 ያወርድልሻል፤ ኸርዙን ግን አይነካውም። የእኛ መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ነው የሚመላለሰው፣ የእናንተ 60 ጊዜ። በዚያ ዘመን ከተሠሩት ማጫወቻዎች የብዙዎቹ ሞተር ፍጥነቱን የሚቀበለው ከመብራቱ ምልልስ ነው። ለ60 የተሠራ ሞተር እዚህ ሲሰካ ከስድስት እጅ አንዱን ያጣል። 45 ዙር የነበረው 37 ተኩል ይሆናል። ረጅሙ ሸክላ፣ ባለ 33ቱ፣ 28 እንኳ አይሞላም።

እኔ፦ ያን ያህል ይሰማል?

ጋሼ፦ ብዙነሽ በቀለን ብታስቀምጪበት ድምጿ በፒያኖ ሦስት ቁልፍ ያህል ይወርዳል። ዘፈኑም ይጎተታል። አባትሽ አንቺን ላለማስከፋት «ጥሩ ነው» ይልሻል። አንቺ ከተመለስሽ በኋላ ግን ጨርቅ አልብሶ ያስቀምጠዋል። እንዲህ ሆኖ የተቀመጠ ስንት ዕቃ እዚህ ሱቅ መጥቶልኛል መሰለሽ! ልጅ ከአሜሪካ በትከሻው ተሸክሞት የመጣ፣ አባት ደግሞ «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ በድብቅ ያመጣው። አንዳንዱ ለ50 የሚሆን ሌላ መዘውር ይቀየርለት ነበር፤ ዛሬ ያንን ከየት ታገኚዋለሽ።

እኔ፦ አዲሶቹስ?

ጋሼ፦ አዲስ ሆኖ፣ እንደ ስልክ ቻርጀር ያለ አስማሚ ኖሮት፣ እሱ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከተጻፈበት፣ ሞተሩ መብራቱን አይከተልም፤ ማምጣት ትችያለሽ። ግን ለምን? የአባትሽ ማጫወቻ ለ220 ለ50 የተሠራ ነው። ላስቲኩን የቀየርኩለት እኔ ነኝ። ፍጥነቱ ልክ ነው። ለመሆኑ አባትሽ ምን ጎደለኝ አለሽ?

እኔ፦ እሱ መቼ ጎደለኝ ይላል። በስልክ ስናወራ ግን «ድምፁ ይጮህብኛል» ይለኛል። «እንደ ድሮው አይደለም፣ ቶሎ ይደክመኛል» ይላል። እኔም ዕቃው አርጅቶ ነው ብዬ ነው። ስፒከርም፣ ማጉያም፣ ሁሉንም ልቀይርለት ነበር ሐሳቤ።

ጋሼ፦ ተመልከች። ድምፅ ከሸክላው ተነሥቶ ጆሮ እስኪደርስ ረጅም መንገድ አለው። አብዝቶ የሚበላሸው ሲነሣና ሲያርፍ ነው። ሲነሣ መርፌው ላይ፤ ሲያርፍ ስፒከሩና ክፍሉ ውስጥ። መሐል ያሉት ሣጥኖች ጤነኛ ከሆኑ የሚያጎድሉት ጥቂት ነው። ገመዱማ ካልተበጠሰና መሰኪያው ካልዛገ ምንም አያጎድልም። ሰው ገንዘቡን የሚያፈሰው ግን መሐሉ ላይ ነው፤ መሐሉ መብራት አለው፣ ቁልፍ አለው፣ ለእንግዳ ይታያል። መርፌን ማን ያያታል?

እኔ፦ የአባዬ መርፌ መቼ ነው የተቀየረው?

ጋሼ፦ እሱን ነው እኔም የምለው። ላስቲኩን ስቀይር አይቻታለሁ፤ ያኔም ደህና አልነበረችም፤ ከየትም አላገኘሁለትም። አንድ ሒሳብ ልንገርሽ። የረጅም ሸክላ አንዱ ገጽ 20 ደቂቃ ቢሆን፣ መርፌዋ በፈሩ ውስጥ ከ400 ሜትር በላይ ትሄዳለች። አባትሽ በቀን አንድ ሰዓት ቢያዳምጥ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዓመት ከአዲስ አበባ ተነሥታ ደሴ ትገባለች ማለት ነው። አልማዝ ናት፤ ግን አልማዝም ቢሆን ደሴ ደርሶ፣ ተመልሶ፣ እንደገና ሲሄድ ይበላል። እንደ ዓይነቷ ከጥቂት መቶ እስከ አንድ ሺህ ሰዓት ነው ዕድሜዋ። ከዚያ በኋላ ጫፏ ጠፍጠፍ ይልና ፈሩን መፋቅ ትጀምራለች። ዘፈን ላይ «ሰ» እና «ሸ» ስትሰሚ ፍጭጭ የሚል ነገር ካለ የእሷ ምልክት ነው።

እኔ፦ ሸክላዎቹንም ትጎዳለች ማለት ነው?

ጋሼ፦ ትጎዳለች እንጂ! መርፌ ትተካለች፤ ሸክላው አይተካም። የሚያሳስበኝም እሱ ነው። አባትሽ ዘንድ የአምሃ ሪከርድስ ሸክላዎች አሉ፤ በወጣትነቱ ከደመወዙ ቆርሶ የገዛቸው። አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. የግል አሳታሚ ሆኖ ሲነሣ እዚህ ሸክላ ማተሚያ አልነበረም። መጀመሪያ ህንድ፣ ኋላ ሊባኖስ ነው ያሳተማቸው። በጥቂት ዓመት ውስጥ ከ100 በላይ ባለ 45 ዙር አወጣና በ1975 አገር ለቀቀ። ዓለማየሁ እሸቴ፣ ማህሙድ፣ ሙላቱ... ያ ሁሉ በባሕር ማዶ ታትሞ የገባ ነው። ልጄ፣ ያንን ሸክላ ባለቀች መርፌ መፋቅ ያማል። እኔን ያመኛል።

(እዚህ ላይ ዝም አሉ። የሻይ ብርጭቆ ሲቀመጥ ይሰማኛል። አባቴ ሸክላዎቹን ሲነካ የሚያሳየውን ጥንቃቄና የሸሚዙን እጅጌ እያሰብኩ ነበር።)

እኔ፦ መርፌዋን እኔ ላገኛት እችላለሁ። እዚህ ይሸጣል።

ጋሼ፦ ወንድምሽ የማጫወቻውን ክንድ ጫፍ፣ መርፌዋ የተሰካችበትን፣ ከፊትና ከጎን ፎቶ ያንሳልሽ። ቁጥር አለበት። መርፌ በቁጥሯ ነው የምትገዛው፤ ትመስላለች ተብሎ አይገዛም። ሁለት አምጪ፣ አንዷ ትቀመጣለች። ከእሷ ጋር ደግሞ የመርፌ ሚዛን አለች፤ ከክብሪት ሣጥን ብዙም አትበልጥም። መርፌ ብዙውን ጊዜ ወደ 2 ግራም ገደማ ነው የምትጫነው፤ አምራቹ ልኩን ይጽፋል። ሰው «እንዳትጎዳው ላቅልላት» ይላል። ስህተት ነው። ስትቀል በፈሩ ውስጥ ትዘላለች፣ የበለጠ ታቆስላለች።

እኔ፦ በእጅጌው ነው እኮ የሚጠርገው።

ጋሼ፦ ሺህ ጊዜ ነግሬዋለሁ። እጅጌው አቧራውን ወደ ፈሩ ይከተዋል እንጂ አያወጣውም። የካርቦን ክር ያለው ብሩሽ አምጪለት፤ ሸክላው እየዞረ ከላዩ ያዝ ማድረግ ነው፤ ሌላ ሥራ የለውም። በስጦታ ከመጣ ይጠቀምበታል፤ እኔ ስነግረው ነው የማይሰማው። የውስጥ ከረጢቶችም አምጪ፣ ለስላሳዎቹን። የእሱ የወረቀት ናቸው፤ ራሳቸው ይጭራሉ። ይህ ሁሉ ተደምሮ አንድ ኪሎ አይሞላም።

እኔ፦ ማጉያውስ? አዲስ ቢሆን አይሻልም? ሽቦ የሌላቸው፣ በብሉቱዝ የሚሠሩ ስፒከሮችም አይቼ ነበር።

ጋሼ፦ ከጀርባቸው ፎኖ የሚል መሰኪያ አለ?

እኔ፦ ፎኖ... የለም መሰለኝ።

ጋሼ፦ የአባትሽ ማጉያ አለው። ከመርፌዋ የሚወጣው ጥቂት ሚሊቮልት ነው፤ እጅግ ደካማ። ያ ብቻ አይደለም። ሸክላ ሲቀረጽ ቤዙ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ድምፅ ከፍ ይደረጋል፤ አለዚያ ፈሩ እየሰፋ ዘፈኑ ሸክላው ላይ አይበቃም። ፎኖው ያንን ገልብጦ ወደ ልኩ ይመልሰዋል። ለዚህ ደግሞ ከ1950ዎቹ ጀምሮ አንድ ወጥ ልክ አለ። እሱ የሌለው ማጉያ ላይ ሸክላ ብትሰኪ እንደ ትንኝ ነው የሚጮኸው። ሌላም አለ፤ የድሮው ማጉያ ሞኖ የሚል ቁልፍ አለው።

እኔ፦ ሞኖ ለምን ይጠቅማል? ሁለት ስፒከር እያለው?

ጋሼ፦ የዚያ ዘመን 45ቶች ብዙዎቹ ሞኖ ናቸዋ። ሞኖ ሸክላ ላይ ሙዚቃው የተጻፈው ወደ ግራና ቀኝ በሚወዛወዘው ፈር ነው። መርፌዋ ወደ ላይና ወደ ታች ስትነጥር የሚሰማው ሙዚቃ አይደለም፤ ጭረትና አቧራ ነው። ሞኖውን ስትጫኚው ያ የላይና የታች ድምፅ እርስ በርሱ ይጣፋል። ቅጭልጭሉ ሲቀንስ በጆሮሽ ትሰሚዋለሽ። አባትሽ ይህን ያውቃል። ያንን ቁልፍ ከእጁ አትንጠቂው።

እኔ፦ እሺ፣ መርፌው ገባኝ። ግን «ይጮህብኛል» የሚለው ከመርፌው ብቻ ነው? ካለፈው ዓመት ወዲህ ነው ይህን ማለት የጀመረው።

ጋሼ፦ (ቆም ብለው) ልነግርሽ ነበር፤ እንዴት እንደምጀምረው ነው ያጣሁት። ባለፈው ዓመት ሳሎኑን ማን ነው ያሳደሰው?

እኔ፦ እኔ ነኝ። ሴራሚክ አስነጥፌለት።

ጋሼ፦ ያ ትልቁ ምንጣፍስ?

እኔ፦ አሮጌ ነው ብለን አወጣነው። መጋረጃውንም በስስ ቀየርነው፤ ብርሃን እንዲገባ።

ጋሼ፦ ልክ ነው፤ ቤቱ አምሯል፤ አባትሽም በኩራት ነው ያሳየኝ። ግን በዚያ ቀን ሳሎኑ መሐል ቆሜ አንዴ አጨበጨብኩ። ጠ-ጠ-ጠ-ጠ ብሎ መለሰልኝ። ከሴራሚኩ ወደ ጣራው፣ ከግድግዳው ወደ መስታወቱ። ዘፈኑም እንዲሁ ነው የሚሆነው። ዘፋኙ አንድ ቃል ሲል የቀድሞው ቃል ጅራት ገና ከግድግዳ እየተመለሰ ነው። ጆሮ ያንን ለመለየት ይለፋል፤ ድካሙ ከዚያ ነው። አሁን ደግሞ ጾም ነው፤ አባትሽ ዘፈኑን ትቶ የአለሙ አጋን የበገና ሲዲ ነው የሚያዳምጠው። በገና እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ክፉኛ ይጎዳል። ከክሩ ሥር የምትገባዋ ቁራጭ ቆዳ ናት ያንን ዝዝታ የምትሰጠው፤ ዝዝታው ደግሞ በቀጭን ድምፅ የተሞላ ነው። ባዶ ሳሎን ውስጥ የአንዱ ክር ዝዝታ በሌላው ላይ ይከመርና ክሩ ሁሉ አንድ ንብ ቀፎ ይሆናል።

(ለአባቴ የሰጠሁት ትልቁ ስጦታ ያ ሴራሚክ ነበር። ስምንት ወር ሙሉ አጠራቅሜ ነው ያስነጠፍኩት። የማዳመጫ ሰዓቱን እንደቀማሁት ግን እስከዚያች ሌሊት አላወቅሁም ነበር። እሱም አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ «ይጮህብኛል» ብቻ።)

እኔ፦ ታዲያ ምን ላድርግ ጋሼ? ሴራሚኩን ላስነሣው?

ጋሼ፦ ኧረ በስመአብ! ምንጣፍ መልሺለት። ወፍራም፣ የሱፍ፤ ከስፒከሮቹ ፊት እስከ ሶፋው የሚደርስ። ይህን ደግሞ ከአሜሪካ መሸከም አያስፈልግሽም፤ የደብረ ብርሃን የእጅ ሥራ ምንጣፍ ከበግ ፀጉር ነው የሚሠራው፤ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው። መጋረጃውን ከስሱ ኋላ ወፍራም ጨምሪበት፤ ሲያዳምጥ ይዘጋዋል፣ ሲጨርስ ይከፍተዋል። ከሶፋው ጀርባ ያለው ግድግዳ ላይ መጽሐፍ መደርደሪያ ቢገባ ደግ ነው፤ መጽሐፎቹ ድምፁን ይበታትኑታል። ምንጣፍ ግን ቀጭኑን ድምፅ ነው የሚይዘው፤ ቤዙን አይዝም። ለቤዙ ሌላ መላ አለ።

እኔ፦ ምንድን ነው?

ጋሼ፦ ስፒከሮቹ አሁን የት ናቸው?

እኔ፦ ቡፌው ላይ። ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ፣ ግድግዳው ጋ ተጠግተው።

ጋሼ፦ አንዱ ደግሞ ከአበባ ማስቀመጫ ኋላ ነው። አየሽ፣ እሱ ሳይቆጠር ሦስት ስህተት በአንድ ቡፌ። ስፒከር ግድግዳ ጋ ሲጠጋ፣ ይልቁንም ጥግ ሲገባ፣ ቤዙ ያብጣል፤ ቤዝ ጊታሩ እያንዳንዱን ኖታ ትቶ አንድ እምምታ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ማጫወቻውም ያው ቡፌ ላይ ነው። የስፒከሩ ንዝረት በእንጨቱ ዞሮ መርፌዋ ጋ ይደርሳል፤ መርፌዋ መልሳ ለማጉያው ትልከዋለች። ድምፅ ከፍ ሲያደርግ «ሁ-ሁ» የሚለው እሱ ነው፤ አባትሽ ማጉያው ታሟል ብሎ ሁለት ጊዜ አስመጥቶኛል። ሦስተኛ፣ ቁመቱ። ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣዋ ትንሿ ስፒከር ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ጋር መተካከል አለባት።

እኔ፦ መቆሚያ ልግዛለት? እዚህ የብረት አለ፤ ግን ይከብዳል።

ጋሼ፦ አናጢ እያለ? 60 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ሁለት ወፍራም የእንጨት መቆሚያ እኔ አሠራለሁ። ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ፈቀቅ፤ በሁለቱ መሐል ያለው ርቀትና ከእያንዳንዳቸው እስከ አባትሽ መቀመጫ ያለው ርቀት እኩል። ይህ ከሆነ ዘፋኙ ከሁለቱ መሐል፣ ምንም ነገር ከሌለበት ባዶ ቦታ ላይ ቆሞ ይዘፍናል። አባትሽ ይህን ከሰማ ብዙ ዓመቱ ነው።

እኔ፦ እናቴ ግን ምን ትላለች? ሳሎኑ የእሷም ነው። ቴሌቪዥኗም እዚያው ነው። ለዚህ ነበር ሄድፎን ያሰብኩት።

ጋሼ፦ እናትሽን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ መቆሚያውም በእሷ ፈቃድ ይሁን። ሄድፎኑ መጥፎ አይደለም። ጀርባው ክፍት የሆነውን ውሰጂ፤ ድምፁ ይተነፍሳል፣ ጆሮንም አያሞቅም፤ ወደ ውጭ ትንሽ ይሰማል እንጂ። የኦም ቁጥሩን እዪ፤ ባለ 300 ኦሙን ስልክ አይነዳውም፤ የአባትሽ ማጉያ ግን የሄድፎን መሰኪያ አለው፣ ይነዳዋል። የምፈራው ሌላ ነው። ሰው ዕድሜው ሲገፋ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው፤ ያንን ፍለጋ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። በ85 ዴሲቤል ስምንት ሰዓት የሚታገሥ ጆሮ፣ 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ትዕግሥቱ በግማሽ ይቀንሳል። በ88 አራት፣ በ91 ሁለት። ሄድፎን ላይ ይህ ለሌላ ሰው አይታይም። ሳሎን ቢሆን እናትሽ «ቀንስ!» ትለዋለች።

እኔ፦ እንግዲያው ሄድፎኑ ይቅር፤ ወይም ሌላ ጊዜ። መብራቱስ? መውጣትና መግባቱ ዕቃውን አይጎዳውም?

ጋሼ፦ ስታብላይዘር እዚሁ እንገዛለን፤ መርካቶ ሞልቷል። ለዚህ አትጨነቂ።

እኔ፦ ስለዚህ ሻንጣዬ ባዶ ሊሆን ነው ማለት ነው። ሁለት መርፌ፣ አንድ ሚዛን፣ አንድ ብሩሽ፣ ከረጢት። ለገና ይህን ይዤ ስገባ ምን ይለኛል? የሚከፈት ነገር፣ ደስ የሚል ነገር...

ጋሼ፦ አንድ ሸክላ አምጪለት። አዲስ ህትመት። «ቼ በለው»ን ታውቂያለሽ? የዋሊያስ ባንድና የኃይሉ መርጊያ፣ በ1977 እ.ኤ.አ. የወጣው። አባትሽ ነበረው። ለአንድ ሰው አዋሰው፤ አልተመለሰም። እስከ ዛሬ ያነሣዋል። በ2014 እንደገና ታትሟል፤ እናንተ ጋ ይገኛል። ኃይሉ መርጊያ ራሱ አንቺ አጠገብ፣ ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ባንዱ በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ሲሄድ በዚያው ቀረ። የ1985 ካሴቱ በ2013 እንደገና ሲወጣ ነው ዓለም ዞሮ ያገኘው፤ አሁን መድረክ ላይ ነው።

እኔ፦ ማዋሱን አልነገረኝም። ለማን እንዳዋሰው ያስታውሳሉ?

ጋሼ፦ አስታውሳለሁ፤ አልነግርሽም። ሰውየውም ሞቷል፤ ነፍሱን ይማር። ሸክላውን ብቻ አምጪ። ሻንጣ ውስጥ ቀጥ አድርጊው፣ በልብስ መሐል፤ ከሥር አታጋድሚው፣ ከላዩ ዕቃ ከተጫነበት ይጣመማል። ከቻልሽ በእጅሽ ያዢው።

እኔ፦ በእጄ እይዘዋለሁ።

ጋሼ፦ እኔ ደግሞ የመቆሚያውን ነገር ቅዳሜ እጀምራለሁ። ምንጣፉን እናትሽና ወንድምሽ ይምረጡ። ለአባትሽ ግን አትንገሩት። አንቺ ሳትመጪ፣ እሱ ቤተ ክርስቲያን በሄደበት ጠዋት ሁሉንም ቦታ ቦታው አስይዘን፣ ቴሌቪዥኑን እንኳ እንደነበረ እንተወዋለን። ከሰዓት ገብቶ በገናውን ሲከፍት ዝም ብለን እንየው።

እኔ፦ ለውጡ ካልተሰማውስ?

ጋሼ፦ ካልተሰማው የጆሮ ሐኪም ዘንድ እንወስደዋለን፤ ያም ቢሆን ስጦታ ነው፤ እኔም አብሬው እመረመራለሁ። የእኔም የቀኙ ጆሮዬ እንደ ድሮው አይደለም።

እኔ፦ እሺ ጋሼ። አንድ ነገር ብቻ፤ ምንጣፉ ስንት በስንት ይሁን?

ጋሼ፦ ሁለት በሦስት። ጫፉ ከሶፋው ሥር ይግባ።